የሰባተኛው ሳይክል መያዣ

ፅጌረዳ ግራሶ ትጸየፋለች። ከሰው ሁሉ መርጣ የወደደችው ደግሞ ሳይክል ጠጋኝ ነው። ምስጢሯን የሚያውቁት ሁለት ጓደኞቿ፣ «ዓይንሽስ ይውደድ፤ አፍንጫሽን ምን ብለሽ አሳመንሽው?» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም ትስቃለች። ሸምሱ ዘንድ ስትደርስ ፊቱን እንጂ እጁን አታይም። እጁን የምታየው ታጥቦ ሲመጣ ነው፤ ያውም ጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥቁር መስመር ይቅር ብላ።

የዚያን ሐሙስ ግን እጁን አየች፤ አይታም ጠላችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፅጌረዳ አባት አቶ አስረስ ካረፉ አርባ ቀን አልፏል። ጎፋ ግቢያቸው ውስጥ ያከራዩዋቸው የነበሩት ሦስት ክፍሎች በአዋጅ ከተወረሱ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። ስለዚህ ለአንድ ልጃቸው የተዉላት ነገር ቢኖር ዕድሜ ልካቸውን የነዱት ጥቁር ሳይክል ብቻ ነው። በዚሁ በየካቲት ሰባ አራት ቀበሌው በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በክልሉ ያለ ሳይክል ሁሉ እስከ ቅዳሜ ማታ ይመዝገብ፣ ያልተመዘገበ ለጥበቃ ጓዶች አገልግሎት ይውላል የሚል። ቅጹ የሳይክሉን ስሪት፣ የፍሬሙን ቁጥርና የተገኘበትን ሁኔታ ይጠይቃል። ከታች ደግሞ ያረጋገጠው ባለሙያ ስምና ፊርማ ይላል።

ባለሙያ ከተባለ ለፅጌረዳ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ችግሩ እናቷ ናቸው። ወይዘሮ አሰገደች ነገሩን ጠርጥረዋል፤ ሸምሱንም ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። በበራቸው ሲያልፍ ካዩት ከተቀመጡበት ተነሥተው የግቢውን በር ይዘጋሉ። «የቄራ መንገድ ጎሚስታ! በዚያ ላይ እስላም። አባትሽን በመቃብሩ ልታዋርጅው ነው?» ይላሉ። ስለዚህ ፅጌረዳ ሳይክሉን ብስራተ ገብርኤል ላለ ጠጋኝ እንደምታሳየው ዋሽታ ከቤት ወጣችና ቁልቁል ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ እየገፋች ወረደች።

ሸምሱ ቆርቆሮ ጥላው ሥር የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪ ሲለጥፍ አገኘችው። ቀና ሲል ሳይክሉን አስቀድሞ አየ፣ ከዚያ እሷን።

«በመጨረሻ አመጣሽው» አለ ፈገግ ብሎ። «አባትሽ እኮ እኔ በር ላይ ሲደርሱ ፔዳሉን ያፈጥኑት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ላየው አልቻልኩም።»

«ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። ጎማውንም ራሱ ነው የሚለጥፈው። በጣም ይወደዋል።»

ሸምሱ እንደ ልማዱ ሳይክሉን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው አቆመው። ሳይክል ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ሆዱን ነው፤ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን ወፍራም ቱቦ ከሥር በኩል። አባቱ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር አንዴ ነግሯታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገራትም። ፅጌረዳ ይህን ልማዱን ትወድለታለች። የታመመ ሕፃን እንደሚያይ ሐኪም ይመስላታል።

የደረቀውን ግራሶ በቢላዋ ፋቀ፤ በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ እጁ ቆመ።

ፅጌረዳ ከጀርባው ስለነበረች ያየችው ማጅራቱን ነው። ጆሮው ሥር ያለው የደም ሥር ሲመታ አየች። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ግራሶ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተና የጠረገውን ቦታ መልሶ ቀባው፤ ደጋግሞ፣ ምንም እስከማይታይ ድረስ።

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ቁጥሩስ?»

«የለውም።»

«ስሪቱስ?»

«አላውቀውም።»

ፅጌረዳ የሚቀልድ መሰላት። ይህ ሰው ሳይክል ሩቅ ሆኖ ደወሉን ብቻ ሰምቶ ስሪቱን ይናገራል። ሳቅ ልትል ፊቱን ስታይ ሳቋ ተመለሰ። ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ መሬት መሬት ያያል። ቅጹን ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ የፊርማው ቦታ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ትቶበት መለሰላት።

«ውሰጅው ፅጌ። እኔ አልፈርምም።»

«ለምን?»

«አላውቀውም አልኩሽ እኮ።»

ሳይክል ጠጋኞች ጥሩ አሮጌ ሳይክል ሲመጣላቸው ቁጥሩን ሸፍነው «ይህማ የቁራሌው ነው» እንደሚሉ፣ ኋላ ሰው ልከው እንደሚያስገዙት ሰምታ ታውቃለች። ሸምሱ ግን? ዓመት ሙሉ እሷ ፊደል በምታስቆጥራቸው በእናቱ ደብተር ውስጥ እያደረገ ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፈላት ሰው? ያ የግራሶ አውራ ጣት ቅጹ ላይ ሆኖ አፈጠጠባት። ቀፈፋት። እንዲህ ዓይነት እጅ እጇን ይዞ እንደነበር ስታስብ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ሸምሱ ሲያያት አልደበቀችም።

ቤት ስትገባ እናቷ አሻራውን ከሩቅ አዩት።

«ይህን የነካው ማነው?»

መዋሸት ሰለቻት። «ሸምሱ» አለች።

ወይዘሮ አሰገደች ፊታቸው አመድ መሰለ። «ገለበጠው?»

«ገለበጠው። አላውቀውም አለ።»

እናቷ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ፊታቸው ወዲያው ቀላ፤ ድምፃቸውም ተመለሰ። «አየሽ? ከእንደዚያ ያለ ሰው ምን ትጠብቂያለሽ? የአባትሽን ሳይክል ማወቅ እንኳ አይገባውም» አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። ፎቶግራፉ ላይ አቶ አስረስ ጎረምሳ ሳሉ ግራጫ ባርኔጣ አድርገው፣ ባርኔጣውንም ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ይታያሉ። ወይዘሮ አሰገደች ለመቶኛ ጊዜ ታሪኩን ጀመሩ። አቶ አስረስ የአንድ ጣሊያን መሐንዲስ የወደቀ ቦርሳ አግኝተው ሳይነኩ እንደመለሱ፣ ጣሊያኑም «እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው አላየሁም» ብሎ የራሱን ሳይክል እንደሰጣቸው፣ ይህ ቤት የታማኝ ሰው ቤት እንደሆነ።

ፅጌረዳ በዚህ ታሪክ ነው ያደገችው። የዚያን ቀን ግን ስትሰማው የእናቷ ደስታ አስጠላት። ሰው ልጁ ተዋርዳ ስትመጣ እንዲህ ደስ ይለዋል?

«ቅጹን ለእኔ ተይው» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «የማውቀው ሰው ይፈርምልናል። ሁለተኛ ለማንም እንዳታሳይው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፅጌረዳ እንደወትሮዋ ቀበሌ አዳራሽ ሄዳ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቿን አስተማረች። የሸምሱ እናት ወይዘሮ ቀመሪያ የፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመታቸው ነው፤ ግን እንደሳቸው የሚተጋ ተማሪ የለም። ሲወጡ ደብተራቸውን በሁለት እጅ አቀበሏት።

«ዛሬ ብዙ ነገር አለበት፤ አስተማሪዬ። አደራ እይልኝ።»

ፅጌረዳ ውስጡ የሸምሱ ደብዳቤ እንዳለ ገባት። ቤት ወስዳ ከደብተሮቹ ሁሉ ሥር ወሸቀችው። የሱን የእጅ ጽሑፍ ማየት አንገሸገሻት። ይቅርታው ራሱ ግራሶ ግራሶ ይሸተኛል ብላ አሰበች፤ አሰበችና አለቀሰች።

ቅዳሜ ጧት እናቷ ገበያ ሲወጡ ጠብቃ ሳይክሉን አወጣች። አሁን ፍላጎቷ ምዝገባው አልነበረም። ሸምሱ አታላይ መሆኑን አንድ ሰው አፉን ሞልቶ እንዲነግራት ነው የፈለገችው። የዋሸችውን እውነት አድርጋ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄደች።

ጠጋኙ ማሞ ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ብረቱን ያሻሉ፤ ከምራቁ ጋር የሚወጣውን ጥቁር ነገር ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ። ፅጌረዳ ዞር ብላ ቆመች።

«ስሪቱ ጣሊያን ነው» አሉ ጋሽ ማሞ ብዙም ሳይቆዩ። «ፍሬኑን እይው፤ በሽቦ አይደለም፣ በብረት ዘንግ ነው የሚጎተተው። አንገቱ ላይ ያለው መጋጠሚያ እንደ ቅጠል ሹል ነው፤ እንዲህ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት የመጣ ነው። እዚህ ግንባሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይታይሻል?»

«ይታየኛል ጋሼ።»

«ዓርማው ነበረበት፤ ሰው ነቅሎታል። ቀለሙም የፋብሪካ አይደለም፤ በቤት ብሩሽ የተቀባ ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ እንይ።» በቢላዋቸው ጫፍ ጥቁሩን ቀለም ልጣጭ ልጣጭ አድርገው አነሡት። ከሥሩ የወጣው ቀለም እንቁላል አስኳል የሚመስል ቢጫ ነበር።

ጋሽ ማሞ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ሳይክሉን ገለበጡትና ሆዱ ሥር ያለውን ግራሶ ጠረጉ። ብረቱ ላይ በምስማር የተመቱ ትናንሽ ነጥቦች ተደርድረዋል። ፅጌረዳም ቆጠረቻቸው። ሰባት ናቸው።

«ወይ መሐሙድ» አሉ ሽማግሌው።

«መሐሙድ ማነው?» አለች። የሸምሱን ስም ከነአባቱ ስንት ጊዜ ጽፋዋለች፤ ግን አፏ ጠየቀ።

«ቄራ ሜዳው ላይ ሳይክል የሚያከራይ ሰው ነበር፤ በሃምሳ አንድ ገደማ። ሳይክሎቹ የአንድ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ተቀጣሪ ነው። ከሩቅ እንዲታዩት ሁሉንም ቢጫ ይቀባቸዋል። መጻፍ ስለማይችል ሆዳቸው ሥር በነጥብ ይቆጥራቸዋል። የሚከራይ ሰው መያዣ ያስይዛል፤ ልጆች ጫማቸውን፣ ትልቅ ሰው ኮቱን። አንድ ቀን አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው ባርኔጣውን አስይዞ ሰባተኛውን ወሰደ። በዚያው ቀረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነጋዴው ሸጠህ በልተኸዋል አለው። መሐሙድ ባርኔጣውን ይዞ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ማን ይሰማዋል? ዐሥር ወር ታሰረ። ሚስቱ ትንሽ ልጅ ይዛ ከሰው ደጅ ቀረች። ሲወጣ ደረቱ ተበላሽቶ ነው የወጣው። ነጋዴው ያኔ አገር ጥሎ ሄዷል። መሐሙድ እስኪሞት ድረስ አሮጌ ሳይክል ባየ ቁጥር አስቁሞ ይገለብጥ ነበር። እብድ ነው ይሉታል። ልጁም ያንኑ ልማድ ይዟል አሉ።» ጋሽ ማሞ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ከየት አገኘሽው፣ የኔ ልጅ?»

አባቴ ነው የተወልኝ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

«የማላውቀው ሰው ነው» አለች።

ይህን ካለች በኋላ ወዲያው ሸምሱ «አላውቀውም» ሲል ትዝ አላት፤ ያንን ቃል እሷም በአፏ ቀመሰችው።

መንገዱን ሁሉ ሳይክሉን የገፋችው መሪውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ነው። ነፋሱ ከቄራ በኩል ነበር፤ የቆዳና የደም ሽታ ይዞ ይመጣል። ትንሽ ልጅ ሆና አባቷ ከኮርቻው ፊት ያለው ቧንቧ ላይ አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። አገጫቸውን አናቷ ላይ አሳርፈው ያፏጫሉ፤ ደወሉን እሷ እንድትመታው ይፈቅዱላታል። ከሕይወቷ ሁሉ ደስ ያላት ጊዜ ያ ነበር። አሁን ያ ቧንቧ ሥሩ ቢጫ መሆኑን ስታስብ፣ ደወሉን እየመታች ባለፈችበት ሰዓት አንድ ሰው ሳል ይዞት ሳይክል ሲገለብጥ ስታስብ፣ ደወሉን በነጠላዋ ሸፈነችው። ድልድዩ ጋ ሳይክሉን አጋድማ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ስትነሣ ማንን እንደምትጸየፍ ራሷም አላወቀችም፤ አባቷን ልትጸየፍ ፈለገች፣ ግን አገጫቸው አሁንም አናቷ ላይ ነበር።

ቤት ገብታ ሳትቀመጥ ነበር የወይዘሮ ቀመሪያን ደብተር ከሥር የሳበችው። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ መሐል ላይ ተቀምጧል።

«ፅጌ፣ አትጠይቂኝ። ሳይክሉን ለማንም አታሳዪው፤ ሆዱን ለማንም አታስገልብጪ። ቅጹን ራስሽ ሙዪው፤ ስሪቱ ጣሊያን ነው በዪ። እኔ ግን መፈረም አልችልም። ፊርማዬ ውስጥ የአባቴ ስም አለበት። አንቺ ስለ አባትሽ ስታወሪ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አውቃለሁ፤ የወደድኩሽም ያን ፊት አይቼ ነው። እሱን በገዛ እጄ አላጠፋውም። ሐሙስ ዕለት እጅሽን ቀሚስሽ ላይ ስትጠርጊ አይቻለሁ። ጥዪኝ፤ ግድ የለኝም። አባትሽን ከምትጠዪ እኔን ብትጠዪ ይሻላል። ሸምሱ መሐሙድ»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሰው እንዲህ ተወዶ እንዴት በደስታ ፋንታ ያፍራል? እሷ አፈረች። አታላይ ያለችው ሰው ጠረጴዛዋ ላይ ከደብተሮች ሥር ታፍኖ ሲለምናት ነው ያደረው።

ወይዘሮ አሰገደች ዘንቢላቸውን ይዘው ሲገቡ ፅጌረዳ ፎቶግራፉ ሥር ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ ይህ ባርኔጣ የት ሄደ?»

«ነፋስ ወሰደው አላልኩሽም? ምን ነካሽ ዛሬ?»

«ቄራ ሜዳ ላይ ነው ነፋሱ የወሰደው?»

ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሁለቱም ሊለቅሙት አላጎነበሱም።

«ሥራ ሲፈልግ፣ ሳይክል ያለው ሰው ይፈለጋል አሉት» አሉ ወይዘሮ አሰገደች በተሰበረ ድምፅ። «ሥራው ደብዳቤ ማድረስ ነበር፤ ለመታየት ብሎ ለአንድ ቀን ተከራየው። ቀጠሩት። ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ሲል ሳምንት አለፈ። ሰውየው ታሰረ ሲባል እውነቴን ነው፣ ሊመልስ ተነሥቶ ነበር። እኔ ነኝ በሩ ላይ የተኛሁበት። አንቺን አርግዣለሁ፤ ስምንተኛ ወሬ ነው። እሱ ከታሰረ ማን ሊያበላን?»

«የሰውየውንስ ልጅ ማን አበላው?»

እናቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ስለዚህ ሸምሱን እስላም ነው፣ ጎሚስታ ነው ያልሽው...»

«መልኩ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ልጄ። በበራችን ባለፈ ቁጥር ሰውየው ከእስር ተፈቶ የመጣብኝ ይመስለኛል።»

«በሃይማኖቱ አመካኘሽ።» ፅጌረዳ ድምጿ ከፍ አላለም። «ዓመት ሙሉ የሰው ሃይማኖት ስትሰድቢ የከረምሽው የሰረቅሽውን እንዳያይብሽ ነው። እማዬ፣ አስጠላሽኝ። እንዲህ የምልሽ ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አስጠላሽኝ።»

እናቷ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። ፅጌረዳ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ወይዘሮ አሰገደች የተዘረጋ እጃቸውን እያዩ ሽንኩርቱ መሐል ቁጭ አሉ።

«ሲሞት ያለኝን ግማሹን ነው የነገርኩሽ» አሉ። «‹ሳይክሉን ለፅጌ ስጫት› ብቻ አይደለም ያለኝ። ‹ለፅጌ ስጫትና እሷ ትመልሰው፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት አቅቶኛል› ነው ያለኝ።»

ፅጌረዳ አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም። እያለቀሰች ቅጹን ከመሳቢያ አወጣችና ሞላችው፤ እያለቀሰችም ሳይክሉን ይዛ ወጣች። መሪውን በባዶ እጇ ነው የያዘችው። ጎረቤት ሁሉ አያት፤ የግቢውንም በር አልዘጋችውም።

ሸምሱ ሲያያት ብድግ አለ። ሳይክሉ ላይ የተላጠውን ቢጫ አየ፤ ሁሉን እንዳወቀችም ገባው።

«ደብዳቤዬን ሳታነቢ...»

«ዘግይቼ አነበብኩት። ለምን ሸሸግኸኝ ሸምሱ? አባትህን ክደህ እኔን ልትወድ ነው? እንዲህ ያለ ፍቅር ይቀፈኛል። ለእኔ ብለህ አባትህን ሌባ እንደተባለ ትተኸው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሸምሱ። «ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እናቴን ቀና ብዬ አላየኋትም። ግራሶውን መልሼ ስቀባው አባቴን ዳግመኛ የቀበርኩት ነው የመሰለኝ። ራሴን ተጸይፌዋለሁ ፅጌ። ግን እንደገና ብታመጪው እንደገና እቀባዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ፅጌረዳ ዓይኑን አየች፤ ሐሙስ የነሣትን ዓይን። ቀልቶ አብጧል። ልቧ ወደሱ ሮጠ፤ መቀፈፉ ግን ገና አልለቀቃትም። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ እስከዚያ ቀን አታውቅም።

«አንስተህ እናትህ ዘንድ አድርስልኝ» አለችው። ቅጹን ይዛ ተከተለችው።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ወይዘሮ ቀመሪያ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሥራ አልያዙም፤ ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ። ሸምሱ ሳይክሉን ፊታቸው ገለበጠው። ወይዘሮ ቀመሪያ ጎንበስ ብለው ነጥቦቹን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ ፅጌረዳ የዘረጋችላቸውን ቅጽ ተቀበሉ፤ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት ጮክ ብለው አንድ በአንድ አነበቡ።

«ስ... ሪት። ጣ... ሊያን። ቁጥር። ሰባት ነጥብ። የተገኘበት ሁኔታ።» እዚህ ላይ ቆሙ፤ ትንፋሽ ወሰዱ። «አስረስ... የተባለው ሰው... ከመሐሙድ... ተከራይቶ... ያልመለሰው። አደራው... የመሐሙድ።»

የባላቸውን ስም በቀበሌ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይተው አያውቁም። ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«አባቴ ነው እትዬ ቀመሪያ» አለች ፅጌረዳ። «አስረስ አባቴ ነው።»

ወይዘሮ ቀመሪያ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር። ጋዜጣውን ፈቱት። ግራጫ ባርኔጣ ነው፤ ጥብጣቡ እንኳ አልደበዘዘም።

«ከእስር ሲወጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው» አሉ። «‹መያዣ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ ባለቤቱ ይመጣል› ይለኝ ነበር። በየሮመዷኑ መግቢያ አውጥቶ ይቦርሸው ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ ቀጠልኩ። በይ ውሰጂው። ሳይክሉ ሲመለስ መያዣው ይሄዳል፤ ሥራችን እንዲህ ነበር።»

ፅጌረዳ እጇን ልትዘረጋ ስትል መዳፏን አየችው። ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ባርኔጣው ግን አንድ ነጠብጣብ የለበትም። ሃያ ሦስት ዓመት ያ የተበደለ ቤት የበዳዩን ባርኔጣ እንዲህ ንጹሕ አድርጎ አቆየው። የቀኑ ነገር ሁሉ ካደረሰባት ይልቅ የዚያ ባርኔጣ ንጽሕና ሰበራት። እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች።

«አልችልም። ቆሻሻ ነኝ።»

«ታጠቢያ» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ፤ ማንቆርቆሪያውንም አነሡ። «አንተም ና» አሉት ልጃቸውን። ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥቁሩ ውኃ ከሱ እጅ ወደሷ እጅ፣ ከሷ ወደ መሬት ወረደ። ፅጌረዳ አልሸሸችም።

ወይዘሮ ቀመሪያ እያስታጠቡ፣ ዓይናቸው ውኃው ላይ እንዳለ፣ እንዲህ አሉ።

«ደብተሬ ውስጥ የምታደርጉትን ወረቀት ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ።»

ሸምሱ ቀና አለ። ፅጌረዳ ፊቷ ነደደ።

«የትናንቱን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሆዱን አታስገልብጪ ይላል፤ የአባቴ ስም አለበት ይላል። ምኑ ይጠፋኛል? ልጄ ሸሸገኝ፤ ተናደድኩበት። ወረቀቱን ልቅደደው፣ አንቺንም ዓይንሽን አልይ ብዬ ነበር። ኋላ መልሼ አጠፍኩትና ሰጠሁሽ። እሷ ታውቀው፣ ታምጣው ወይ ትደብቀው፣ እዚያ ላይ እለያታለሁ አልኩ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከጧት ጀምሮ እዚህ ደጅ ላይ ነኝ።»

ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ። ወይዘሮ ቀመሪያ የፅጌረዳን እጅ በራሳቸው ቀሚስ አደረቁት፤ በዝግታ፣ ጣት በጣት፤ ከዚያ ባርኔጣውን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ አየችው። ጥፍሯ ሥር እንደ ሸምሱ ጥፍር ጥቁር መስመር ቀርቷል። ዛሬ ቤቷ ስትገባ እናቷን ማየት እንደሚቀፋት ታውቃለች፤ ነገም፣ ምናልባት ብዙ ቀን። ጎኗ የቆመው ሰው እርጥብ ክንዱ ክንዷን ሲነካት ግን ፈቀቅ አላለችም።